ገጽ አሥራ አንድ እና ዚታ ሃርቻር

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን የቢሮዬ ስልክ ይጮህ ነበር። ማን እንደሆነ ለማወቅ ማንሳት አያስፈልገኝም። የያዝኩትን ሥራ አስቀምጬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ትንሽ ተንፍሼ አነሳዋለሁ።

«ማርሊን፣ ዚታ ነኝ። እርሳስ ያዢ።»

«ይዣለሁ።»

«አልያዝሽም። ያዢ።»

እውነቷን ነው፣ ይዤ አላውቅም። ከዚያ መሳቢያ ስከፍት የሚሰማው ድምፅ እስኪደርሳት ትጠብቅና ማንበብ ትጀምራለች። የምታነብልኝ እኔው ራሴ ዓርብ ዕለት ጽፌ የላክሁላትን ነው። «‹የሃርነርስቪል ከተማ ምክር ቤት› ነጠላ ሰረዝ ‹በመደበኛ ስብሰባው› ነጠላ ሰረዝ ‹የፍሳሽ ቱቦን ጉዳይ ይመለከታል› አራት ነጥብ። ልክ ነው?» ልክ ነው እላለሁ። «የትኛው መንገድ ላይ ያለው ቱቦ?» ትላለች። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ቱቦ ነው እላለሁ። «የሚያውቅ ሰው ማስታወቂያ አያነብም፤ የማያውቀው ነው የሚያነበው» ትለኛለች። መንገዱን እነግራታለሁ። ቱቦው የፈነዳው ከአራት ወር በፊት ነው፣ ሽታው ለመላው ከተማ ደርሷል፣ ዚታ ግን የመንገዱን ስም ትፈልጋለች።

እኔ የዚያ ምክር ቤት ጸሐፊ ነኝ። ዚታ ሃርቻር ደግሞ «የሸለቆው ደወል» በሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣችን ላይ የገጽ አሥራ አንድ ሠራተኛ ነበረች። በሌሎቹ ገጾች ላይ ሠርግ፣ እግር ኳስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚያዘጋጁት የቢንጎ ጨዋታ ይወጣል። ገጽ አሥራ አንድ ላይ የሚወጣው ሕጉ ሳይታተም አይሆንም የሚለው ነው፦ ማን ሞቶ ወራሽ እንደሚፈለግ፣ ማን ከአጥሩ አልፎ ለመሥራት ፈቃድ እንደጠየቀ፣ የትኛው መንገድ እንደሚዘጋ፣ ምክር ቤቱ መቼና የት እንደሚሰበሰብ። እዚያ ገጽ ላይ በትክክል ያልወጣ ስብሰባ እንዳልተደረገ ይቆጠራል። ፊደሉ ሰናፍጭ ፍሬ ያህላል። ገጹን የሚያነበው ሰው ማን እንደሆነ ከዚታ በቀር ግድ የሚለው አልነበረም።

ዚታ ጋዜጣው ቤት የገባችው በሃያ ዓመቷ ነው። አባቷ የከሰል ማዕድን ቆፋሪ ነበር፤ ምሳውን የሚይዝበትን የቆርቆሮ ሳጥን እሷ ለእርማት የሚታተመውን የሙከራ ወረቀት ትይዝበት ነበር። ባሏ ስቲቭ ዳቦ በመኪና የሚያከፋፍል ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ከሞተ ቆይቷል፣ ልጅ አልወለዱም። ዓርብ ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ለሽያጭ ፒሮጊ የሚባለውን ድንች የተሞላ ሊጥ ሲሠሩ፣ ሊጡን የመድፈኑ ሥራ የዚታ አይደለም፤ የዚታ ሥራ የተደፈነውን እየገለበጡ ማየት ነው። አፉ በደንብ ያልገጠመውን ወደ ሠሪዋ ትመልሰዋለች። ለአሥራ አምስት ዓመት አብሬያት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጫለሁ፣ የእኔ ያልተመለሰበት ዓርብ አላስታውስም።

በሥራዋ የመጀመሪያ ዓመት አንድ ስሕተት ሠርታለች፤ ከዚያ በኋላ አልሠራችም። አንድ ሰው ከወይዘሮ ቦድናር ቤት አጠገብ የተሰባበረ መኪና ማከማቻ ለመክፈት ፈቃድ ጠየቀ። ስብሰባው ማክሰኞ ነበር፤ ዚታ ረቡዕ ብላ አተመችው። ምክር ቤቱም አላስተዋለም፣ ማክሰኞ ተሰብስቦ ማንም አልተቃወመም ብሎ ፈቀደ። በማግስቱ ዚታ ከጋዜጣው ቤት መስኮት ስትመለከት፣ ወይዘሮ ቦድናር የፋሲካ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ሊናገሩ ያሰቡትን በወረቀት ጽፈው ይዘው፣ የተዘጋው የምክር ቤቱ በር ላይ ቆመዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆሙ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተው ሄዱ። ነገሩን ለማንም አልተናገሩም፣ አልከሰሱም። ሴትዮዋ ሞተዋል፣ የመኪናው ክምር ግን እስካሁን አለ፤ ከሥሩ ዛፍ በቅሏል።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ነው ዚታ መደወል የጀመረችው። ከእኔ በፊት ለነበሩት ሦስት ጸሐፊዎችም ደውላለች። አንደኛዋ ሥራ የለቀቀችው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል።

እንግዲህ በዚያ ዓመት በክፍለ ግዛታችን ዋና ከተማ አንድ ረቂቅ ሕግ ቀረበ። ከእንግዲህ ወዲህ ምክር ቤቶች ማስታወቂያቸውን ጋዜጣ ላይ ማሳተም የለባቸውም፣ በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ቢለጥፉት ይበቃል የሚል ነው። ይህን ሕግ ከሁሉ በላይ የወደደው የእኛው ምክር ቤት ሊቀ መንበር ሜርል ዳይትሪክ ነበር። ሜርል የሣር ማጨጃ መሸጫና መጠገኛ አለው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ዝናብ መዝነቡን ለማወቅ መስኮቱን ትቶ ስልኩን የሚያይ ሰው ነው።

«ለዋናው ከተማ እንጻፍላቸው» አለኝ አንድ ቀን ቢሮዬ ገብቶ። «ሃርነርስቪል ሕጉን ትደግፋለች ብለን። የድጋፍ ደብዳቤ የሚቀበሉት እስከ ኦክቶበር አሥራ አምስት ነው። ልዩ ስብሰባ ጥሪና እንወስን።»

«ዚታስ?» አልኩት።

«ዚታ ምን ሆነች?»

«ጋዜጣው የሚኖረው በገጽ አሥራ አንድ ነው፣ ሜርል።»

«ዚታ ስድሳ ሰባት ዓመቷ ነው» አለኝ። «ትረፍ እንጂ። ዓሣ ታጥምድ።»

ዚታ በሕይወቷ ዓሣ አጥምዳ አታውቅም። የጋዜጣው ባለቤት ሮስ ላውባክም ነገሩን ሰምቶ ለእሷ በቀጥታ ነግሯት ነበር። ጋዜጣውን ከአያቱ የወረሰ፣ ሁልጊዜ የደከመው ሰው ነው። «ዋናው ከተማ የፈለገውን ያውጣ፣ እሱ ሩቅ ነው» አላት። «የገዛ ከተማዬ ‹አታስፈልግም› ብሎ በጽሑፍ ከሰጠኝ ግን በዚያው ሳምንት እዘጋለሁ።» ዚታ ይህን የነገረችኝ ሰኞ በስልክ ነው፤ ስለ ቆሻሻ መኪና የወጣውን ማስታወቂያ አንብባ ከጨረሰች በኋላ። ድምፅዋ አልተለወጠም። እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። ያቺ ሴት ከዚያ ገጽ ሌላ የምትነሳለት ነገር አልነበራትም፣ ይህን ደግሞ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሜርል የመጀመሪያውን ስብሰባ የጠራው በድረ ገጻችን ላይ ነው። «እንዴት እንደሚሠራ እናሳያቸው» አለ። ድረ ገጻችንን የሠራው የሜርል የወንድም ልጅ ነው፤ ሠርቶ ወደ ፍሎሪዳ ሄዷል። ከላይ የሚታየው ከሦስት ዓመት በፊት የተደረገው የገና ሰልፍ ነው፤ «ከረሜላ ይዛችሁ ኑ» ይላል። የስብሰባው ማስታወቂያ ከከረሜላው በታች፣ ከጠፋው ድመት በላይ ተለጠፈ። በዕለቱ ሰባቱ የምክር ቤት አባላት ተቀመጡ። የከተማው ጠበቃ ኦበርሆልት መነጽሩን አደረገና «ማስታወቂያው የታተመበትን ጋዜጣ እባካችሁ» አለ።

«ድረ ገጽ ላይ ነው» አለ ሜርል።

«ሕጉ ጋዜጣ ነው የሚለው።»

«እኮ ያንን ሕግ ለመለወጥ ነው የተሰበሰብነው።»

«ገብቶኛል» አለ ኦበርሆልት። «እስኪለወጥ ድረስ ግን አልተሰበሰባችሁም።» ሁሉም ተነስተው ወደየቤታቸው ሄዱ። በቃለ ጉባኤው ላይ ምን ብዬ እንደምጽፍ ብጠይቀው፣ ስብሰባ ስላልነበረ ቃለ ጉባኤ የለም አለኝ።

ሁለተኛውን ማስታወቂያ ሜርል ራሱ ጽፎ ለጋዜጣው ላከ። እኔ ላይ እምነት አጥቶ ነበር መሰለኝ። ሰኞ አራት ሰዓት ሲሆን እኔ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበርኩ፤ ስልኩን ያነሳው ሜርል ነው። በኋላ ዚታ እንደነገረችኝ፣ እርሳስ ያዝ ስትለው ሳቀ። ሁለተኛው ነጠላ ሰረዝ ላይ ስትደርስ «ዚታ፣ እንደላክሁት አትሚው» አላት። «ሜርል፣ አንድ ነገር…» ስትለው «እንደላክሁት አልኩሽ'ኮ» ብሎ ዘጋው። የሥራቸው ደንብ ደግሞ ይህ ነው፦ ደንበኛው እንደላክሁት ይታተም ብሎ ሁለት ጊዜ ከተናገረ፣ እንደላከው ይታተማል። ማስታወቂያው ቀን ነበረው፣ ሰዓት ነበረው፣ ቦታ አልነበረውም።

በዚያ ሰሞን የምክር ቤቱ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር አንዳንዴ የምንሰበሰበው በእሳት አደጋው አዳራሽ ነበር። ስለዚህ አራቱ ወደ ምክር ቤቱ መጡ፣ ሦስቱ ወደ እሳት አደጋው አዳራሽ ሄዱ። እዚያ ደግሞ የዓመቱ የሃሉፕኪ እራት ነበር፤ በጎመን የተጠቀለለውን ሥጋ ለመብላት ግማሹ ከተማ ተሰልፏል። ሦስቱ የምክር ቤት አባላት ሰልፉን ሲያዩ ሕዝቡ ለስብሰባው የወጣ መስሏቸው ደነገጡ። አንደኛው ወንበር ላይ ቆሞ ስለ ረቂቅ ሕጉ ማስረዳት ጀመረ። ሰዎቹም ሰልፉ ወደፊት እየሄደ ስለነበር በትዕግሥት አዳመጡት፤ እንዲያውም አንዲት ሴትዮ እጇን አውጥታ መረቁ አለቀ ወይ ብላ ጠየቀችው። እኛ ጋ ያሉት አራቱ ምልዓተ ጉባኤ ሞልተናል ብለው ሊወስኑ ሲሉ፣ ኦበርሆልት ጋዜጣውን አገላብጦ አየና ቦርሳውን ዘጋ። ሦስቱ በልተው የተረፈውን በሳህን ይዘውልን መጡ።

ሜርል በማግስቱ ፊቱ ቀልቶ መጣ። «ማርሊን፣ አንቺ ጻፊው። ማክሰኞ፣ ኦክቶበር አሥራ ሦስት፣ ምሽት አንድ ሰዓት፣ ምክር ቤቱ አዳራሽ። ከዚህ በኋላ ጊዜ የለንም። ይህቺ ከተበላሸች ደብዳቤው አይደርስም።»

ጊዜ የለንም ያለው ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ማስታወቂያውን ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ «ማክሰኞ፣ ኦክቶበር አሥራ አራት» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ አልሳተም። አሥራ አራት ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ፤ ኦበርሆልትም እንደሚያውቅ አውቃለሁ። ዕለቱና ቀኑ ካልገጠመ ስብሰባው ፈረሰ፣ ደብዳቤው ቀረ፣ ሮስ አይዘጋም፣ ዚታ ገጿ ላይ ትቀመጣለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አስቤበት ያደረግሁት የመጀመሪያው ስሕተት ነው፣ ልክም ይመስለኛል፣ ዛሬም።

ሰኞ አራት ሰዓት ስልኩ ጮኸ። በሩን ዘጋሁ።

«እርሳስ ያዢ።»

«ይዣለሁ።» በዚያ ቀን በእርግጥ ይዤ ነበር።

«‹የሃርነርስቪል ከተማ ምክር ቤት› ነጠላ ሰረዝ ‹ማክሰኞ› ነጠላ ሰረዝ ‹ኦክቶበር አሥራ አራት›…» ቆመች። የወረቀት ድምፅ ሰማሁ፤ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ እየገለጠች ነው፣ ምንም እንኳ ሳታይ የምታውቀው ቢሆንም። «አሥራ አራት ረቡዕ ነው፣ ማርሊን።»

«እንደላክሁት አትሚው።»

ከወዲያ ማዶ የማተሚያው ማሽን ሲንኳኳ ይሰማኛል።

«አንድ ጊዜ ብለሻል» አለችኝ። «ሁለት ጊዜ ካልሽ ማተም ግዴታዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?»

«እንግዲያው ከመድገምሽ በፊት ስሚኝ። ካተምኩ በኋላ ወረቀቱን ቆርጬ ለጥፌ፣ እጄን አንስቼ ‹በትክክል ታትሟል› ብዬ የምምለው እኔ ነኝ።»

«እንደተላከ ታትሟል ነው የምትምይው። ውሸት አይደለም።»

«አይደለም» አለች። «ለእኔ ብለሽ መሆኑንም አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥሽ። ግን አንዱ ዕለቱን አይቶ ማክሰኞ ይመጣል፣ አንዱ ቀኑን አይቶ ረቡዕ ይመጣል።»

«ማንም አይመጣም፣ ዚታ። ማን ያነበዋል? በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ገጽ አሥራ አንድን አንብቤ መጣሁ ያለኝ ሰው የለም። አንድም።»

«ወይዘሮ ቦድናር መጥተዋል።»

እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት። ጠበቀችኝ። ዚታ መጠበቅ ትችላለች፣ መሳቢያ እስኪከፈት ስትጠብቅ ነው የኖረችው።

«ልትደግሚው ነው?» አለችኝ።

«አሥራ ሦስት» አልኳት።

«‹ማክሰኞ› ነጠላ ሰረዝ ‹ኦክቶበር አሥራ ሦስት› ነጠላ ሰረዝ ‹ምሽት አንድ ሰዓት›» ብላ ቀጠለች፣ እስከ አራት ነጥቡ ድረስ። እኔ ከሰላምታ በፊት ስልኩን ዘጋሁባት። ተናድጄ ነበር፤ አንዲት ሴት አንገቷን ራሷ ገመዱ ውስጥ ስታስገባ አይቼ የማልናደድበት ምክንያት የለም። በዚያ ዓርብ ፒሮጊ ልሠራ አልሄድኩም።

ስብሰባው ማክሰኞ አሥራ ሦስት ተደረገ። ሰባቱም መጡ፣ በአንድ ቦታ። ከሕዝብ ወገን የመጣው አንድ ሰው ነው፤ ስለ ጎረቤቱ አውራ ዶሮ ሊከስ የመጣ፣ በማንኛውም ስብሰባ ላይ የሚገኝ ሰው። ኦበርሆልት መነጽሩን አደረገ። «ማስታወቂያው በትክክል ስለመታተሙ የምስክርነት ቃል አለ?»

ሰባቱም እኔን አዩ። እኔ በሩን አየሁ። ዚታ የአባቷን የምሳ ሳጥን ይዛ፣ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ ገባች። ሳጥኑን ከፍታ ወረቀቱን አወጣች። የተቆረጠው ማስታወቂያ ቀጥ ብሎ ተለጥፎ፣ ከሥሩ መሐላዋ ተጽፎ፣ የመኪና ታርጋ የምታወጣውና መሐላ የምታረጋግጠው ሴትዮ ማኅተሟን አድርጋበታለች። ኦበርሆልት መስኮቱ ድረስ ወስዶ አነበበው። «እንዲህ ያለ ንጹሕ ወረቀት አይቼ አላውቅም» አለ። «ጉባኤው ተከፍቷል።»

ሜርል ተነፈሰ። ያን ያህል ደስ ስላለው መሰለኝ፣ ትንሽ አፈረ። «ዚታ፣ መናገር የምትፈልጊው ካለ ሦስት ደቂቃ አለሽ።»

«እኔ ወረቀት ላደርስ ነው የመጣሁት።»

«አይ፣ ተናገሪ እንጂ። በቅንነት ልጠይቅሽ። ይህን ነገር የሚያነበው አለ?»

«አንተ ታነበዋለህ?»

«እኔማ አላነበውም።»

«ታዲያ የታተመው ቀን ትክክል መሆኑን ማን ነገረህ?»

«ማርሊን።»

«ለማርሊንስ የነገራት ማን ነው?»

ሜርል ወደ እኔ ዞረ። ጣሪያው ላይ ያለውን የውኃ ምልክት እያየሁ ቆየሁ። ባለ አውራ ዶሮው እጁን አወጣ፤ ጉዳዩ በማስታወቂያው ላይ ስላልተጠቀሰ ሊነሳ እንደማይችል ተነገረው። ከዚያ ድምፅ ተሰጠ። አምስት ደገፉ፣ ሁለት ተቃወሙ። ዚታ እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች፣ ሳጥኗን ዘግታ ወጣች።

የሚያስቀው ገና ነው የሚመጣው። ሜርል ሁለት ጊዜ ከፈረሰበት በኋላ ፍርሃት ይዞት ስለነበር፣ ውሳኔው ከነሙሉ ቃሉ ጋዜጣ ላይ ይውጣ አለ። «እንዳይፈርስብን» አለኝ። ሰኞ አራት ሰዓት ዚታ ደወለች። «‹ሕዝቡ የጋዜጣ ማስታወቂያ ማንበብ ስላቆመ› ነጠላ ሰረዝ ‹ይህ ምክር ቤት የጋዜጣ ማስታወቂያ አያስፈልግም ብሎ ያምናል› አራት ነጥብ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አልኳት።

«‹ያምናል› ነው ወይስ ‹ወስኗል›? አምስት ለሁለት ከሆነ ወስኗል ነው የሚባለው።»

«ወስኗል በይው።»

አስተካከለችው። ሐሙስ ዕለት ጽሑፉ የገጽ አሥራ አንድን ግማሽ ይዞ ወጣ። ሮስ ላውባክ በሕይወቱ ገጽ አሥራ አንድን አንብቦ አያውቅም፤ በዚያ ሐሙስ ግን ግማሽ ገጽ የያዘው ምንድን ነው ብሎ አነበበው። እንዳለውም በዚያው ሳምንት ዘጋ። በሥራ ዘመኔ እዚያ ገጽ ላይ ጽፌ አንድ ሰው አንብቦ አንድ ነገር ሲያደርግ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በሩ ላይ የለጠፈውን የመዝጊያ ወረቀት የጻፈችው ዚታ ናት፣ ደውላም አንብባለታለች።

ከአንድ ወር በኋላ ረቂቅ ሕጉ ዋናው ከተማ ውስጥ ከአንድ ኮሚቴ መሳቢያ ሳይወጣ ዘመኑ አለቀበት። ውድቅም አልተደረገ፣ አልጸደቀም፤ ሞተ። የድጋፍ ደብዳቤያችን ደርሷል፣ እናመሰግናለን የሚል መልስ መጣልን። ሜርል መልሱን ይዞ ቢሮዬ ውስጥ ተቀመጠ። «እና አሁንም ጋዜጣ ላይ ማውጣት አለብን?» አለኝ። አለብን አልኩት። «የትኛው ጋዜጣ ላይ?» አለኝ። ሁለታችንም በመስኮቱ በኩል ማዶ ያለውን የተዘጋ በር አየን።

አሁን ማስታወቂያዬን የምልከው ከወንዙ ማዶ ላለው ትልቅ ከተማ ጋዜጣ ነው። ድረ ገጻቸው ላይ ሣጥን አለ፤ ጽሑፉን እዚያ ትከቺዋለሽ፣ አንድ ቁልፍ ትጫኛለሽ፣ ወዲያው «ደርሶናል» የሚል መልስ ይመጣል። የሚደውል የለም። ፌብሩዋሪ ላይ የበጀቱን ስብሰባ ማስታወቂያ ላክሁ፣ ደርሶናል አሉኝ፣ ታተመ። ዕለቱ ማክሰኞ ይላል፤ ቀኑ የረቡዕ ነው። በዚህ ጊዜ ሆን ብዬ አልነበረም። ማክሰኞ ማታ ኦበርሆልት መነጽሩን አድርጎ አየና ቦርሳውን ዘጋ፣ ሁሉም ወደየቤቱ ሄደ፤ እኔን ማንም አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የከፋው።

በማግስቱ ረቡዕ ሥራ አምሽቼ ልወጣ ስል፣ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ የምክር ቤቱ በር ላይ የቆመ ሰው አየሁ። በረዶ ይጥል ነበር። ዚታ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን ካፖርቷን ለብሳ፣ ኮፍያ አድርጋ፣ የምሳ ሳጥኑን በሁለት እጇ ይዛለች። በሩን ከፈትኩላት።

«ዚታ፣ ስብሰባው የለም'ኮ። ትናንት ነበር፣ እሱም ፈርሷል።»

«አውቃለሁ። ትናንትም መጥቼ ነበር፣ ከኋላ ነው የተቀመጥኩት።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቀኑን አይቶ የሚመጣ ሰው ካለ ልነግረው ነው።»

«ማንም አይመጣም» ልላት ነበር፤ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ምክንያቱም ባለ አውራ ዶሮው ከመንገዱ ማዶ ጃንጥላ ይዞ እየተሻገረ ነበር፤ ማክሰኞ ያልመጣው ለካ ለዚህ ነው። ዚታ ሁለት እርምጃ ወደፊት ሄደች። «ስብሰባው ትናንት ነበር» አለችው። «ግን ስለፈረሰ እንደገና ይጠራል። አላመለጠህም።» ሰውየው አመሰገናት። ስለ አውራ ዶሮው ጥቂት ነገራት፣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው፣ ከዚያ ወደ ቤቱ ሄደ።

አስገባኋት፣ ካፖርቷ ላይ ያለውን በረዶ አራገፍኩላት። ከኦክቶበር ጀምሮ በደንብ አላወራንም ነበር፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ማየት አቅቶኝ ነበር። ይቅርታ አልኳት። በምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

«ይህን ማስታወቂያ ስትጽፊ ለምን አልደወልሽልኝም?» አለችኝ።

«ጋዜጣው ተዘግቶ የለ እንዴ።»

«ጋዜጣው ነው የተዘጋው» አለች። «ስልኬ ይሠራል።»

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን በሩን ዘጋሁና ደወልኩላት። ወጥ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ጎመኑ ሲጠበስ ይሰማኛል። የበጀቱ ስብሰባ እንደገና መጠራቱን የሚያስታውቀውን ጽሑፍ ይዤ «ዚታ፣ ማርሊን ነኝ፣ ላንብብልሽ?» አልኳት።

«ቆይ» አለችኝ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ። «እሺ፣ እርሳስ ይዣለሁ። ከዕለቱ ጀምሪ።»